ከባሮ ዳርቻ ወደ መሠዊያው

በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ወገቡን ታጥቆ የምእመናኑን እግር ሲያጥብ ያየ ሁሉ፣ ክህነት ክብር ብቻ ሳይሆን ዝቅ ብሎ ማገልገል መሆኑን ያስተውላል። ወደዚህ አገልግሎት የሚያደርሰው መንገድ በኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ዘንድ የታወቀ ነው። ልጁ ከፊደል ተነሥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ዜማና ቅዳሴ ተምሮ ዲቁና ይቀበላል፤ ዕድሜው ሲደርስ በተክሊል አግብቶ ይቀስሳል፤ አለዚያም ይመነኩሳል።

በምዕራብ ጠረፍ በምትገኘው በጋምቤላ የካቶሊክ ካህን ለመሆን የሚነሣ ወጣት መንገድ ግን በአንድ ዐቢይ ነገር ይለያል። በዚያ የሚሠራበት የላቲን ሥርዓት ነው፤ በዚህም ሥርዓት እንደ ደንቡ ለክህነት የሚበቃው ሳያገባ ለመኖር ቃል የገባ ብቻ ነው። የምንኩስናን ክብር ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይሆንም። ለወጣቱ ዘመዶች ግን እጅግ ከባድ ነገር ነው።

የኑዌር ሕዝብ ከብት አርቢ ነው። ጥሎሹም የሚከፈለው በከብት ስለሆነ፣ የአንድ ወንድ ጋብቻ የአባቱ፣ የአጎቶቹና የወንድሞቹ ሁሉ ጉዳይ ነው። ስም የሚቀጥለው በልጅ ነውና፣ ሳይወልድ ለሞተ ሰው ወንድሙ ወይም የቅርብ ዘመዱ በሟቹ ስም ሚስት የሚያገባበት ልማድ አለ፤ የሚወለዱትም ልጆች የሟቹ ልጆች ይባላሉ። በአኙዋክም ዘንድ ድሙይ የተባለው ጨሌ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ለጥሎሽ ሲከፈል ኖሯል፤ ለእኅት የመጣው ድሙይ ለወንድም ማግቢያ ይሆናል። እንግዲህ «አላገባም» የሚል ልጅ የሚወስነው ለራሱ ብቻ አይደለም፤ የሞተው ሰው እንኳ ስሙ እንዳይጠፋ በሚታሰብበት አገር፣ እርሱ በሕይወት ሳለ ዘር መተካትን ይተዋል።

ትምህርቱም ረጅም ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ ቢያንስ 6 ዓመት የዘርዐ ክህነት ትምህርት ያዝዛል፤ 2ቱ ለፍልስፍና፣ 4ቱ ለነገረ መለኮት ነው። እጩው ለቅስና በሚያበቃው ዲቁና ላይ 23 ዓመት፣ በቅስናው ላይ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሳያገባ ለመኖር ቃል የሚገባውም ዲቁናን ሲቀበል ነው፤ ከዚያ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ይቆያል። ጊዜው የሚረዝመው ለዕውቀት ብቻ ተብሎ አይደለም፤ ወጣቱ ራሱን እንዲመረምር፣ አለቆቹም እንዲመረምሩት ነው።

በጋምቤላ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ራሱን የቻለ አስተዳደር ያገኘችው በ1993 ዓ.ም. ነው። በኃላፊነት የተሾሙት የሳሌዥያን ማኅበር አባል፣ ጣሊያናዊው አባ አንጀሎ ሞሬስኪ ነበሩ። አስተዳደሩ በ2002 ዓ.ም. ወደ ቪካሪያት ሲያድግ ለጵጵስና በቅተው የመጀመሪያው ጳጳስ ሆኑ፤ መጋቢት 16 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ በትውልድ አገራቸው በብሬሻ ዐረፉ። ከሩቅ የመጣ እረኛ የአገሩን ቋንቋ ሊማር ይችላል፤ የእናቱን ቋንቋ ይዞ ወደ መሠዊያው የሚቀርብ የአገር ልጅ ግን ለሕዝቡ ሌላ ትርጉም አለው።

ይሁን እንጂ የአገሩ ልጅ መሆኑ ራሱ ፈተና ያመጣበታል። በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ ብዙ አኙዋኮች ተገድለዋል። በጥር 2008 ዓ.ም. ደግሞ በአኙዋክና በኑዌር መካከል በተነሣው ግጭት ሕይወት ጠፍቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ወገን ለወገኑ ይቆማል። ካህኑ ግን በቅዳሴው ላይ የሁለቱንም እናቶች ልቅሶ ይሰማል፤ አኙዋክ ቢሆን የኑዌሩን፣ ኑዌር ቢሆን የአኙዋኩን እግር ያጥባል። ወንድሙ የሞተበት ሰው ይህን ለማድረግ ጎንበስ ሲል፣ በዘርዐ ክህነት ያሳለፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚያች ሰዓት ይመዘናሉ።

ቃል ኪዳን የሚፈተነው ከተገባ በኋላ መሆኑን የብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ሱራፌል ታሪክም ያስረዳል። በ1968 ዓ.ም. ክህነት ተቀብለው፣ በ1971 ዓ.ም. በደርግ ታስረው ወራት አሳልፈዋል፤ በ2007 ዓ.ም. ለካርዲናልነት በቁ።

የጋምቤላው ወጣት ስሙን የሚያስጠራለት ልጅ አይወልድም። ይሁንና በባሮ ግራና ቀኝ ያሉ የአኙዋክና የኑዌር ሕፃናት በአንድ ቃል «አባ» ብለው ይጠሩታል። ዘመዶቹ የሰጉለት ስም በዚህ መንገድ ይቆያል። ሞትን በሞቱ ድል የነሣው ጌታ ለሁለቱም ወገን ሰላሙን ያብዛ።