የዘፈን አልበም ማስታወቂያ በመጽሔት ላይ፤ ከጎንደር አዝማሪ የሚገኝ ትምህርት

የዘፈን አልበም በመጽሔት ላይ ሲታወጅ፣ ድምፅ የሌለው ወረቀት ስለ ድምፅ እንዲናገር ይታዘዛል። ጫማ የሚሸጥ ነጋዴ ጫማውን በሥዕል ሊያሳይ ይችላል፤ ዘፈን ግን በዐይን አይታይም። ስለዚህ የማስታወቂያው አዘጋጅ በስም፣ በሥዕልና በቃል ብቻ ተጠቅሞ፣ አንባቢው ገና ያልሰማውን ነገር ለመስማት እንዲመኝ ማድረግ አለበት። በዚህ አጭር ጽሑፍ የጎንደር ከተማንና የሰሜን ጎንደርን ደጋ አገር ዘፈን ምሳሌ አድርገን፣ ይህ ዐይነቱ ማስታወቂያ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

፩. አዝማሪው ራሱ አስታዋቂ ስለ መሆኑ

ስለ ማስታወቂያ የሚያስተምሩ የውጭ አገር መምህራን፣ ከ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ሲነገር የቆየ አንድ የአራት ደረጃ ሥርዓት አላቸው። ይኸውም አንደኛ ዐይንን መሳብ፣ ሁለተኛ ልብን ወደ ነገሩ ማዞር፣ ሦስተኛ ማስመኘት፣ አራተኛ ገዢውን ለሥራ ማስነሣት ነው። ይህ ትምህርት ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆንም፣ ነገሩ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም።

አዝማሪው ጠጅ ቤት ገብቶ የማሲንቆውን ጭራ በደጋን ሲነካ ጨዋታ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ይህ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ቀጥሎ ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ የሌላውን እንግዳ ስም፣ አገሩንና ሥራውን ይጠይቅና ስሙን በግጥም ያነሣዋል፤ ስሙ የተጠራውም ሰው ልቡን ወደ አዝማሪው ያዞራል። ከዚያ በኋላ ሙገሳው ከሰምና ወርቅ ጋር እየተቀላቀለ ሲወርድ፣ እንግዳው ሌላ እንዲጨመርለት ይመኛል። በመጨረሻም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ስንኙን በዜማ ይመልሳል፤ ሽልማትም ይከተላል።

እንግዲህ አዝማሪው አራቱን ደረጃዎች ያለ መጽሐፍ ፈጽሟቸዋል። ከሁሉ በላይ ሊስተዋል የሚገባው ግን፣ ከማሞገሱ በፊት ስም መጠየቁ ነው። እርሱ የሰውን ስም ሳይዝ አያሞግስም። የእርሱን ዘፈን የምናስታውቅ እኛስ ስሙን አስቀድመን እንጠይቃለን ወይ? የዚህ ጽሑፍ ዋና ጥያቄ ይህ ነው።

፪. ሸክላና ካሴት ያመጡት ለውጥ

አዝማሪ በአካል ሲገኝ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፤ ድምፁ ከአካሉ ሲለይ ግን ስለ እርሱ የሚናገርለት ሌላ ይሻል። በአገራችን ይህ መለየት የጀመረው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ ነው። ኋላም በ1948 በተሰጠ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ ተወስኖ ነበር። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ይህን ደፍሮ በማለፍ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በሸክላ አወጣ፤ በአገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረም የመጀመሪያውን ሸክላ በሕንድ አገር አሳተመ። እስከ 1975 ድረስ ኩባንያው ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የሸክላውን ቦታ ካሴት ወሰደው።

ይህ ለውጥ ማስታወቂያውንም የሚነካ ነው። ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊት አንድ ዘፈን ብቻ ስለሚይዝ፣ የዘፋኙንና የዘፈኑን ስም መንገር ይበቃል። ካሴትና አልበም ግን ብዙ ዘፈኖችን ስለሚይዙ፣ ሁሉን የሚጠቀልል አንድ አርእስትና አንድ መልክ ያስፈልጋቸዋል። አርእስቱም በሦስት ልዩ ልዩ መንገዶች ሲሰጥ እናያለን።

የመጀመሪያው መንገድ በስም ነው። በ1959 በጎንደር የተወለደችው አስቴር አወቀ፣ በ1989 ለውጭ አገር ሰሚ ያቀረበችው አልበም አርእስት «አስቴር» የሚል ብቻ ነበር። ሁለተኛው መንገድ በጥሪ ነው። በ1997 በፓሪስ መታተም የጀመረው «ኢትዮጲክስ» የተባለው ተከታታይ ሥራ፣ የከተማ አዝማሪዎችን ለሚያሰማው ለሁለተኛው ክፍል «ተጫወት!» የሚል አርእስት ሰጥቶታል፤ ይህም ከጨዋታው ቤት የተወሰደ ቃል ነው። ሦስተኛው መንገድ በአገር ነው። የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ ጂን ጄንኪንስ ያስቀረጸችው በ1970 የወጣ ሸክላ፣ አርእስቱ «የመካከለኛው ደጋ አገር ሙዚቃ» እንደ ማለት ነው። ለጥናት ይህ የተገባ ስያሜ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ደጋው ሲጠራ ተጫዋቹ በአርእስቱ ላይ አልተጠራም። ማስታወቂያን ስንመረምር ይህን ልዩነት ማስተዋል ይገባናል።

፫. የምርመራው አካሄድ

አንድን የአልበም ማስታወቂያ በፊታችን ባስቀመጥን ጊዜ አምስት ጥያቄዎችን በተራ ብናቀርብለት ይበጃል።

አንደኛ፣ ዐይን በመጀመሪያ የሚያርፈው በምን ላይ ነው? ሁለተኛ፣ የሚዘፍነው ማን እንደ ሆነ ተነግሯልን፤ በምን ያህል ፊደልስ ተጽፏል? ሦስተኛ፣ ሥዕሉ ስለ ድምፁ ምን ይነግረናል? ማሲንቆ፣ ክራር ወይስ ሙሉ ባንድ? አራተኛ፣ የተጻፈው ቃል ሊፈተን የሚችል ነገር ነው ወይስ ባዶ ሙገሳ? «ተወዳዳሪ የሌለው» ማለት ለሁሉ የሚነገር ስለ ሆነ ለማንም አይነገርም፤ «በማሲንቆ ብቻ የተቀረጸ» ማለት ግን ሰምቶ ማረጋገጥ የሚቻል ነው። አምስተኛ፣ አንባቢው ወዴት ሄዶ በምን ዋጋ እንደሚያገኘው ያውቃልን?

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ለልምምድ ያህል አንድ ረቂቅ ሠርቶ ነበር። የፋሲል ግንብ ገጹን ሞልቶታል፤ ከላይ «የጎንደር ባህላዊ ዘፈን» ይላል፤ የተጫዋቹ ስም ከግርጌ በደቃቅ ፊደል ሰፍሯል። ረቂቁን ፊደል ለማይለዩ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ባሳያቸው ጊዜ አገላብጠው ተመለከቱትና፣ «ልጄ፣ ግንቡንስ ዐወቅሁት፤ የሚዘፍነው ግን ማን ነው?» አሉት። ከአምስቱ ጥያቄዎች ሁለተኛውን ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው።

የፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ ታላቅ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ለሆቴልም ለመጠጥም ለጉዞም ምልክት ስለሚሆን፣ «ጎንደር» ከማለት በቀር ስለ አንድ ሰው ድምፅ የሚናገረው የለም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን የመላእክት ሥዕል ለጠጅ ቤት ዘፈን ጌጥ ማድረግ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ለምእመናን የጸሎት ቤት የሆነውን ነገር ለገበያ ማውጣት ስለ ሆነ፣ ገዢን ከመሳብ ይልቅ ያስቀይማል።

፬. የአሠራሩ ምሳሌ

አሁን ያንኑ ረቂቅ እናርመው። ቦታው ግማሽ ገጽ፣ ወርዱ 18፣ ቁመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል።

በግራ በኩል 8 ሳንቲ ሜትር ለፎቶግራፍ እንተዋለን። ተጫዋቹ ፊቱን ወደ አንባቢው አድርጎ፣ ማሲንቆው፣ ደጋኑና ሁለቱ እጆቹ እንዲታዩ ይነሣ። ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ቢሆን ከዚህ ሥዕል ማን እንደሚጫወትና በምን መሣሪያ እንደሚጫወት ይረዳል።

በቀኝ በኩል ከላይ ስሙ በትልቁ ይጻፋል። የኛ ፊደል እንደ ላቲን ታላቅና ታናሽ የለውም፤ ስለዚህ አንድን ቃል ለይቶ ማሳየት የሚቻለው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። በብራና መጻሕፍታችን ቀይ ቀለም ለከበሩ ስሞች እንደሚሰጥ አንባቢው ያውቃል። ሁለት ቀለም ለማተም ከተቻለ፣ ቀዩ ለአንድ ነገር ብቻ፣ ማለት ለስሙ ይሁን። ዋጋውም ቅናሹም በቀይ ከተጻፈ የስሙ ክብር ይጠፋል።

ከስሙ በታች ከ25 ቃላት የማይበልጥ መግለጫ ይግባ። ለምሳሌ ያህል፦ «እገሌ፣ የደምብያ ሰው። ስምንት ዘፈኖች በትዝታና በአንቺ ሆዬ ቅኝት። በማሲንቆና በድምፅ ብቻ፣ ሌላ መሣሪያ ሳይጨመርበት የተቀረጸ።» ከግርጌ የሚገኝበት ቦታ፣ ዋጋውና የስልክ ቁጥሩ ይቀመጣል። የቀረው ቦታ ባዶ ይተው፤ በአዝማሪ ጨዋታም ቢሆን በስንኝና በስንኝ መካከል ማሲንቆው ብቻውን የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ዛሬ ዘፈን በስልክና በሜሞሪ ካርድ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚተላለፍ የታወቀ ነው። ከደባርቅና ከዳባት ወዲያ ባለው ገጠር መጽሔቱ ራሱ ላይደርስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ፎቶግራፉና ስሙ ከዘፈኑ ጋር አብሮ የሚሄድ ትንሽ ሥዕል እንዲወጣቸው አድርጎ መሥራት ይገባል፤ ስም ከድምፅ የሚለየው ብዙ ጊዜ በዚህ መተላለፍ ላይ ነውና።

፭. ስለ ስምና ስለ ፈቃድ

አንዳንድ ሰው «ገዢው ጎንደርን እንጂ እገሌን አያውቅም፤ ስለዚህ የአገሩን ስም ማስቀደም ይሻላል» ይል ይሆናል። ለአንድ ቀን ገበያ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አገሩን ብቻ አስታውቀን የሸጥን እንደ ሆነ፣ ዘፈኑን የወደደው ሰው ሁለተኛውን አልበም በማን ስም ይጠይቃል? ለሠርግ ሊጠራው የፈለገስ ማንን ብሎ ይፈልጋል? ስም የሌለው ተጫዋች በድምፁ ሌላው ሲጠቀምበት እርሱ ሽልማቱን ያጣል። በአገራችን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው ብቻ ሳይሆን ለከዋኙም መብት ሰጥቷል፤ ዳሩ ግን መብቱን ለመጠየቅ በመጀመሪያ ማን መሆኑ መታወቅ አለበት።

ስሙን ብቻ ሳይሆን መጠሪያውንም ልንጠይቀው ይገባል። «አዝማሪ» የሚለው ቃል በአንዳንዱ ዘንድ የሙያ ክብር ሲሆን፣ ለረዥም ዘመን እንደ ስድብም ሲነገር ኖሯል። በማስታወቂያው ላይ እንዲጻፍ የሚወድ ወይም የማይወድ መሆኑን የሚያውቅ ባለቤቱ ነው። ረቂቁ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ይነበብለት፤ ፎቶግራፉንም ይየው፤ ካልወደደው ይለወጥ።

በጠቅላላው የአልበም ማስታወቂያ መልካምነቱ የሚለካው በቀለሙ ብዛት አይደለም። አንባቢው ገጹን ከዘጋ በኋላ «እገሌን ልስማው» ካለ ማስታወቂያው ሥራውን ፈጽሟል፤ «ግንቡ ያምራል» ብሎ ካለፈ ግን የተከፈለበት ገንዘብ ከስሯል። በኮሌጃችን ያሉ ጓደኞቻችን ወደየአገራቸው ሲመለሱ፣ በአካባቢያቸው የሚሸጡትን አልበሞች በነዚህ አምስት ጥያቄዎች መርምረው ያገኙትን ለዚሁ መጽሔት ቢያቀርቡ፣ ጥናቱ ከጎንደር አልፎ ለሌላውም ክፍል ይጠቅማል።