የመርካቶ ጅምላ ንግድ በቴሌግራም ቻናል

መርካቶ ላይ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ቀኑን ሙሉ የሚመልሳቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው፦ ዕቃው ገብቷል? ምን ዓይነት አለ? ዋጋው ስንት ነው? በስልክ ብቻ ሲሠራ ያንኑ መልስ ለደሴውም፣ ለጅማውም፣ ለሐዋሳውም ቸርቻሪ ለየብቻ ይደግማል። ስልኩን በጆሮው ይዞ ሳለ ሱቁ ውስጥ የቆመው ገዢ ይጠብቃል።

ይህን ድግግሞሽ ለመቀነስ የሚያገለግለው ዘዴ በሌላው ዓለም ማይክሮብሎግ ይባላል፤ ለተወሰነ ሰው ያልተላከ፣ የፈለገ ሁሉ የሚከታተለው የአጫጭር መልእክቶች ተከታታይ ማለት ነው። ትዊተር በ2006 እ.ኤ.አ. ሲጀምር መልእክቱን በ140 ፊደላት ወስኖ ነበር። በ2008 እ.ኤ.አ. ያመር የተባለው ድርጅት ዘዴውን ወደ መሥሪያ ቤት አስገባ፤ ማይክሮሶፍትም በ2012 እ.ኤ.አ. ያመርን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ለመርካቶ ነጋዴ ይህን ሥራ የሚሠራለት በ2015 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የቴሌግራም ቻናል ነው።

ቻናል ከግሩፕ ይለያል። በግሩፕ ሁሉም ይጽፋል፤ በቻናል የሚለጥፈው ባለቤቱ ወይም እሱ የወከለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የአዲሱ ጫማ ፎቶ፣ ቁጥሩና በካርቶን ስንት ጥንድ እንዳለው በሰላምታና በወሬ አይሸፈንም። ቸርቻሪው ሲመቸው ያየዋል፤ ቆየት ብሎም ወደ ኋላ ተመልሶ ይፈልገዋል። ሌላው ሲያስተላልፈው ደግሞ የመጀመሪያው ቻናል ስም አብሮ ይሄዳል፤ አዲስ ደንበኛ ምንጩን የሚያገኘው በዚህ ነው።

ዋጋው ግን ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» ይባላል። ዕቃው መኖሩ ለሁሉም እኩል እውነት ቢሆንም ዋጋው ከገዢ ገዢ ይለያያል። ብዛት የሚያነሳ፣ በእጅ በእጅ የሚከፍልና በዱቤ የሚወስድ ደንበኛ አንድ ዋጋ አይሰጣቸውም። ተፎካካሪም ቻናሉን ይከታተላል። በተጨማሪም ዋጋ ቶሎ ያረጃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ላይ ትናንት የተለጠፈ ዋጋ ዛሬ ጠብ ያስነሳ ነበር።

ስለዚህ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ማሳወቁ በቻናሉ፣ ድርድሩ በስልክ ወይም በውስጥ መስመር ይሆናል። ክፍያው በባንክ ወይም በ2013 ዓ.ም. በጀመረው ቴሌብር ያልቃል። የክፍያ መልእክት ፎቶ ሊቀናበር ስለሚችል ጥንቁቅ ሻጭ ገንዘቡ ሒሳቡ ውስጥ መግባቱን ሳያይ ዕቃ አይጭንም።

ይህ አሠራር ደላላውንም ይነካዋል። ዕቃ የት እንዳለ ማወቅ ብቻውን እንደ ድሮው አያስከፍለውም። ጥራት አይቶ መምረጥ፣ ለማያውቀው ሻጭ ስለ ገዢው መመስከርና ጭነት ማስተባበር ግን ዛሬም ሥራው ናቸው፤ እነዚህን ልጥፍ አይሠራቸውም።

ጉዳቱም አለ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራምን ጨምሮ ማኅበራዊ መገናኛዎች ተገድበው ነበር። ደንበኞቹን በቻናል ብቻ የሚያውቅ ነጋዴ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚደውልበት ቁጥር አይኖረውም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመዘኛ ግልጽ ነው፦ ለሁሉም አንድ የሆነው መረጃ ይለጠፍ፤ ከሰው ሰው የሚለየው በግል ይነገር፤ የደንበኛ ስልክም በመዝገብ ይያዝ። ቻናል ጊዜ የሚቆጥበው ይህ ድንበር ሲጠበቅ ነው። ድርድሩም ዱቤውም በልጥፍ ሥር ከተቀላቀለ፣ ነጋዴው ከስልክ ያተረፈውን ሰዓት መልሶ ለክርክር ያውለዋል።