ስማቸው ያልተጠራ ልጆችና ያልተከፈለ የሕሊና ዕዳ

ትምህርት በሕዝብ ውስጥ ሥር የሚሰደው በፊደል ብቻ ሳይሆን በእምነትም ነው። ይህን ከደብረ ኤልያስ አርሶ አደር የበለጠ የሚረዳው የለም። በቅኔ ጉባኤዋ ስሟ ወደሚጠራው ደብረ ኤልያስ ልጁን የሚልክ ወላጅ፣ ደበሎ አልብሶና አኩፋዳ አስይዞ የሚሸኘው «የኔታ ይጠብቁታል፤ መንደርተኛውም ቁራሽ አይነፍገውም» ብሎ አምኖ ነው። በኋላ የትምህርት ሚኒስትር ለመሆን የበቁት ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው በዚያ ተምረዋል።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በተካሄደው ቀይ ሽብር ግን ይህ እምነት በየከተማው ተሰበረ። ልጁን ተማሪ ቤት የላከ ወላጅ ሬሳውን ከመንገድ ዳር አነሣ፤ ያንንም ያላገኘው ብዙ ነው። ለቅሶ መቀመጥ ተከለከለ፤ የተገደለበትን ጥይት ዋጋ ክፈል የተባለም ነበር። ሟቹ «ፀረ አብዮተኛ» ተባለ፤ ቅጽሉ ስሙን ዋጠው።

ሊሰመርበት የሚገባው ዐቢይ ነጥብ፣ ትእዛዙ ከላይ ቢወርድም አሳሹ፣ ጠባቂውና ጠቋሚው ከሠፈሩ ሰው መካከል የወጡ መሆናቸው ነው። የነዋሪው መጠለያ ሊሆን የሚገባው ቀበሌ እስር ቤት ሆነ።

ከሥርዓቱ ውድቀት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በ1987 ዓ.ም. የተጀመረው ዋናው ችሎት፣ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ብሏል። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ይሁን እንጂ ፍርድ ጥፋተኛውን ይቀጣል እንጂ ጎረቤትን ከጎረቤት አያስታርቅም።

የካናዳ ነባር ሕዝቦችን ልጆች የነጠቀው ራሱ ትምህርት ቤት ነበር። ከ150 ሺህ በላይ ሕፃናት ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተወሰዱ፤ በሺህ የሚቆጠሩት አልተመለሱም። መንግሥት በ2008 እ.ኤ.አ. ይቅርታ ጠየቀ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራውን የፈጸመው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ካቀረባቸው 94 ጥሪዎች አንዱ፣ ይህ ታሪክ ለተማሪዎች ሁሉ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ነው። እምነት የሚመለሰው በጠፋበት በር ነውና።

በመሆኑም የየሠፈሩ ማኅበርና ዕድር፣ የየፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር፣ ከማናቸውም ወገን ይሁኑ የጠፉ ልጆቹን ስም ከወላጆችና ከእኅት ወንድሞች አንደበት መዝግቦ ሊይዝ ይገባዋል። መምህሩም መዝገቡን በክፍል ውስጥ ይክፈተው። የወለዱ እናቶች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስሙ ሳይጠራ ያለፈን ልጅ የነገው ተማሪ ሊያውቀው አይችልም። ዛሬውኑ እንጀምር!