የቀዶ ሕክምና ቁስል ለምን ያመረቅዛል?

ሞያሌ የኢትዮጵያና የኬንያ ወሰን ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። በኬንያ በኩል ያለው ክፍሏ በማርሳቢት ካውንቲ ውስጥ ሲሆን፣ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በዙሪያዋ የሚኖረው ሕዝብ በአብዛኛው ከብት፣ ፍየልና ግመል አርቢ ነው። ስለዚህ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው በሽተኛ ብዙ መንገድ ተጉዞ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ከታከመም በኋላ ቁስሉ ፈጽሞ ሳይድን ወደ ሩቅ መንደሩ ሊመለስ ይችላል። እንደዚህ ባለ ስፍራ የቁስል ማመርቀዝ የሚያስከትለው ጉዳት ከባድ ነው።

ቁስል አመረቀዘ የሚባለው በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን በተቀደደው የሰውነት ክፍል ገብተው ሲራቡና ጉዳት ሲያደርሱ ነው። ምልክቶቹም መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋል፣ ሕመምና መግል ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዩት በ30 ቀናት ውስጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 እንደገለጠው፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች መካከል የ11ዱ ያህል ቁስል ያመረቅዛል።

ለዚህ አደጋ የሚያጋልጡት ምክንያቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ከበሽተኛው የሰውነት ሁኔታ የሚመነጩ ናቸው፤ እነርሱም የስኳር በሽታ፣ የምግብ እጥረት፣ የደም ማነስ፣ እርጅናና ሲጋራ ማጨስ ናቸው።

ሁለተኛዎቹ ከሕመሙና ከቀዶ ሕክምናው ዓይነት ጋር የተያያዙ ናቸው። ለምሳሌ ትርፍ አንጀት ሳይፈነዳ ቢወጣ አደጋው አነስተኛ ነው፤ ከፈነዳ በኋላ ግን መግሉ በሆድ ውስጥ ስለሚሰራጭ አደጋው ይበረታል። እንዲሁም ምጥ የጠናባት እናት የእንሽርት ውሃዋ ከፈሰሰ ብዙ ሰዓት ካለፈ በኋላ በቀዶ ሕክምና ብትገላገል፣ ቁስሏ በቀላሉ ሊያመረቅዝ ይችላል። ስለዚህ የመንገዱ ርቀት ራሱ የአደጋው ምክንያት ይሆናል።

ሦስተኛዎቹ ከሆስፒታሉ አሠራር የሚመጡ ናቸው። የእጅ አለመታጠብ፣ የመሣሪያዎች በሚገባ አለመቀቀልና የሰውነትን ፀጉር በምላጭ መላጨት ቁስልን ለተሐዋስያን ያጋልጣሉ፤ ምላጭ ቆዳን ይጭራልና። ተሐዋስያንን የሚገድል መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነም፣ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠት አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1865 ጆሴፍ ሊስተር የተባለው ሐኪም በግላስጎ ከተማ ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ማከም በመጀመሩ፣ ማመርቀዝ ሊከለከል የሚችል ጉዳት መሆኑ ታወቀ። ዛሬም መከላከያው በቀዶ ሕክምናው ክፍል ብቻ አያበቃም። በሽተኛው በጊዜ ወደ ሆስፒታል ቢመጣ፣ ቁስሉን በንጽሕና ቢይዝ፣ መቅላት ወይም መግል ሲያይም መንገዱ ሩቅ ነው ሳይል ወዲያው ወደ ሐኪም ቢመለስ፣ ሕይወቱን ከአደጋ ያድናል።