ከተዋናዩ ጀርባ የሚያልፉት

የሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ ቀን በሠራተኛ ይጨናነቃል፤ ሲመሽ ብዙ ጎዳናዎቹ ጭር ይላሉ። ፊልም ሠሪዎች የሚወዱትም ለዚህ ነው። አሮጌዎቹ ሕንፃዎች ኒውዮርክን ለመምሰል ይበቃሉ፤ መንገድ መዝጋትም ከቀን ይልቅ ሌሊት ይቀላል። ጭር ያለ መንገድ ግን ከተማ አይመስልም። ባለታሪኩ ከሆቴል ወጥቶ ታክሲ ሲጠራ ከኋላው የሚተላለፍ፣ ጥግ ይዞ ስልክ የሚያወራ፣ ተቃቅፎ የሚሳሳቅ ሰው መኖር አለበት። ኤክስትራ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ከሚያልፈው ዝርዝር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም። ያለ እነሱ ግን የሌሊት ከተማ የሚባል ነገር በፊልም አይኖርም።

የሥራው መልእክት ብዙውን ጊዜ በዋዜማው ማታ ይደርሳል፦ የት፣ በስንት ሰዓት፣ መኪና የት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚለበስ። ልብሱን ኤክስትራው በአብዛኛው ከራሱ ቁም ሣጥን ያመጣል፤ ሁለት ሦስት ቅያሪ ይይዛል። ነጭ ልብስ በመብራት ስለሚያንጸባርቅ የተመልካችን ዓይን ከተዋናዩ ላይ ይወስዳል፤ አይፈለግም። የድርጅት ምልክት ያለበትም፣ በካሜራ ሲታይ የሚርገበገብ ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝም ይቀራል። ሲደርስ ቫውቸር የሚባለውን የሥራ ሰዓት ቅጽ ይቀበላል፣ ልብስ ክፍል ያየዋል፣ ከዚያ ወደ መቆያው ይሄዳል። መቆያው ድንኳን፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሊሆን ይችላል። የሌሊቱ ብዙ ሰዓት የሚያልፈው እዚያ፣ ወንበር ላይ ነው። የለመዱት መጽሐፍና ወፍራም ካልሲ ሳይዙ አይመጡም።

ውጭ የውሃ ቦቴ አስፋልቱን እያረጠበ ያልፋል። ታሪኩ ዝናብ ባይኖርበትም መንገዱ ይረጥባል፤ ደረቅ አስፋልት የወደቀበትን ብርሃን ውጦ ያስቀራል፣ የረጠበው ግን የሱቁን መብራት፣ የትራፊኩን ቀይና አረንጓዴ መልሶ ይሰጣል። ከፍ ብሎ በክሬን የተሰቀለ ትልቅ መብራት የጨረቃን ሥራ ይሠራል። ውበቱ ለተመልካች ነው፤ ለኤክስትራው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በእርጥብ መንገድ መመላለስ ነው።

የሚያሰማራቸው ዋናው ዳይሬክተር ሳይሆን ረዳት ዳይሬክተሮቹ ናቸው። «አንቺ ከመድኃኒት ቤቱ በር ተነሽና እስከ መብራቱ ሂጂ፤ አንተ እሷ ስታልፍህ መንገዱን ተሻገር» ይባላል። ድምፅና ካሜራ መቅዳት ሲጀምሩ በመጀመሪያ የሚሰማው ጥሪ «ባክግራውንድ!» ነው፤ ኤክስትራዎቹ ይንቀሳቀሳሉ። ለዋናዎቹ ተዋናዮች «አክሽን!» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ባለታሪኩ በሩን ከፍቶ ሲወጣ ከተማዋ ቀድማ በሥራ ላይ መሆን አለባት።

በዚያች ሰዓት ጥርት ብሎ መቀዳት ያለበት የተዋናዮቹ ንግግር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥንዶቹ የሚሳሳቁት ያለ ድምፅ ነው። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ እጅ ይወራጫል፣ ትንፍሽ የሚል የለም። ኮቴ እንዳይሰማ ከጫማ ሥር ድምፅ የሚያፍን ነገር ይለጠፋል። ሁካታው፣ ኮቴው፣ የመኪናው ጥሩምባ ኋላ በስቱዲዮ ይጨመራል። ይህን ቀላል ነው የሚል ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር አንድ ደቂቃ ሙሉ ያለ ድምፅ «ያውራ»፤ ፊቱ ወዲያው ይደርቅበታል። ጥሩ ኤክስትራ ለራሱ ምክንያት ይሰጣል፦ እናቱ ታማለች፣ መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ ነው። ምክንያቱን ማንም አይጠይቀውም፣ አረማመዱ ላይ ግን ይታወቃል። ይህን ትወና አይደለም የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ከዚያ ይደገማል። የአንድ ደቂቃ ትዕይንት በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ፣ ቀጥሎ ከተቃራኒው አቅጣጫ ይቀረጻል፤ ሁሉም ደጋግሞ። ቦርሳውን በቀኝ እጁ የያዘ እስከ ንጋት በቀኝ እጁ ይይዘዋል፤ ተዋናይቱ «አልሄድም» ስትል የተሻገረ ሁልጊዜ እዚያው ቃል ላይ ይሻገራል። ይህ ከተዛባ ቅንብር ላይ ሁለቱ ቅጂዎች አይገጥሙም። ሰው ሲያንስም የተሻገረው በካሜራው ጀርባ ዞሮ፣ ካፖርት ደርቦ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ይመለሳል። የሞቃት ወቅት ታሪክ በብርዳማ የታኅሣሥ ሌሊት ሲቀረጽ በስስ ሸሚዝ መቆም ግድ ነው። ትንፋሽ እንደ ጉም እንዳይታይ ካሜራው መቅዳት ከመጀመሩ በፊት በረዶ አፋቸው ውስጥ የሚይዙ ተዋናዮች አሉ።

ካሜራዎች እየተሻሻሉ ሲሄዱ የኤክስትራው ድርሻ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ዳይሬክተሩ ማይክል ማን እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ኮላተራል» የተባለ ፊልም አብዛኛውን በዲጂታል ካሜራ የቀረጸው የሎስ አንጀለስ ሌሊት በፊልም ጥቅልል ላይ ሊወጣለት በማይችል መልኩ እንዲታይ ስለፈለገ ነው። ጨለማን እንዲህ የሚያይ ካሜራ ሲመጣ፣ ድሮ ጥላ ብቻ የነበረው ሩቅ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ራሱን የቻለ ሰው ሆነ።

የኤክስትራውን ክፍያ የደነገገው የመቶ ዓመት ትግል ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ፈላጊው በየስቱዲዮው በር ይሰለፍ ነበር፤ ደላሎች ከድሃው ደመወዝ እየቀነሱ ይወስዱ ነበር። ይህን ለማስቆም ስቱዲዮዎቹ እ.ኤ.አ. በ1925 ኤክስትራዎችን የሚመድበውን ሴንትራል ካስቲንግን አቋቋሙ፤ ዛሬም ይሠራል። የተዋናዮች ማኅበሩ በ1933 ተመሠረተ፤ በ2012 ከሌላ ማኅበር ጋር ተዋህዶ ሳግ-አፍትራ ሆነ። በማኅበሩ ውል ከምሽቱ 2 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ለሚሠራ 10 በመቶ፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 20 በመቶ ጭማሪ አለው። በገቡ በ6 ሰዓት ውስጥ ምግብ መቅረብ አለበት። ቀኑ 16 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት የአንድ ሙሉ ቀን ደመወዝ ይከፈላል። ለአባልነት የሚያበቃው አንዱ መንገድም ይኸው ሥራ ነው፤ በማኅበሩ ውል 3 ቀን በኤክስትራነት የሠራ ማመልከት ይችላል። ስለዚህ ሦስቱ ቫውቸሮች ለብዙ ጀማሪ ከሌሊቱ ደመወዝ ይበልጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ለ118 ቀን የዘለቀው የተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ አንዱ ምክንያት ኤክስትራዎች ነበሩ። ፍርሃቱ አንድ ቀን ሰውነታቸው በኮምፒውተር ተቀድቶ ምስላቸው ያለ እነሱ ለዘላለም እንዳይሠራ ነው። አድማውን የቋጨው ስምምነት የዲጂታል ቅጂ ያለ ሰውየው ፈቃድ እንዳይሠራ፣ በውሉ የተወሰነውን የኤክስትራ ቁጥር ለመሙላትም እንዳይውል አግዷል። ይህ ለእኔ የሰዎች የኑሮ ጉዳይ ነው።

ውሉ ያልፈታው ነገር ሰዓቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 «ፕሌዛንትቪል» የተባለው ፊልም ላይ ይሠራ የነበረ የካሜራ ረዳት ከ19 ሰዓት ሥራ በኋላ ወደ ቤቱ ሲነዳ በመኪና አደጋ ሞተ። ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመው የካሜራ ባለሙያ ሃስኬል ዌክስለር ከዚያ ተነስቶ በፊልም ሠራተኞች እንቅልፍ ላይ በ2006 ዘጋቢ ፊልም ሠራ፤ የሥራ ቀን ከ12 ሰዓት እንዳያልፍም ሲወተውት ኖረ። የ16 ሰዓቱ ክፍያ ረጅም ሌሊትን ውድ ያደርገዋል እንጂ አይከለክለውም። መከልከል አለበት ብዬ አምናለሁ። እስከዚያው ቫውቸሩን አስፈርሞ ጎህ ሲቀድ የሚወጣ ኤክስትራ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት እዚያው መኪናው ውስጥ ትንሽ ይተኛ።