ሥራ ያጣ ሰው ስልኩን ለምን አያነሳም?

(ከሳምንታዊው የቴሌቪዥን ሐተታችን ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)

የአገራችንን ፖለቲካ ዛሬ ለአንድ ቀን እናቆየውና በየቤታችን ስላለ፣ ነገር ግን በአደባባይ ስለማናወራው ጉዳይ እንነጋገር። ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ሥራ ፍለጋ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ማክሰኞ ጠዋት አለቃችን አሥራ አንዳችንን ሰብስቦ ከነገ ጀምሮ እንዳንመጣ ነገረን። ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። ከእሷ ሌላ ግን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለሰባት ሳምንታት ያህል ሰው "ሥራ እንዴት ነው?" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" እያልኩ አለፍኩት። ማመስገኑ ውሸት አልነበረም፤ የጥያቄው መልስ ግን አልነበረም። እናቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል ስልኩን አላነሳም። በየወሩ የምልክላት ብር ለምን እንደዘገየ ምን ብዬ ላስረዳት? እሷን ያስጨነቃት ግን ብሩ ሳይሆን የድምፄ መጥፋት እንደነበረ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ እንዳልሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ሪያድም ይሁን ፍራንክፈርት፣ ዳላስም ይሁን ቤይሩት፣ ሥራ ያጣ ወገናችን መጀመሪያ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ምክንያቱም ውጭ አገር ያለ ሰው ለራሱ ብቻ አይደለም የሚሠራው። የእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የአባቱ መድኃኒት፣ የወንድሙ የቤት ኪራይ በእሱ ደመወዝ ላይ ተንጠልጥሏል። ሥራውን ሲያጣ የወደቀው ቤት አንድ ብቻ አይሆንም። ታዲያ ማን ፊት ቆሞ ይናገረው?

ነገር ግን መደበቁ ራሱ ሥራ የማግኘትን ዕድል እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ጥቂቶቹን እንመልከት።

በኦስትሪያ፣ ከቪየና ብዙም ሳይርቅ፣ ማሪየንታል የሚባል የፋብሪካ መንደር ነበር። ነዋሪው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚተዳደረው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው። የዓለም ኢኮኖሚ በተናጋበት ወቅት፣ ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ፣ ፋብሪካው ተዘጋ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ መንደሩ ሄደው የሕዝቡን ኑሮ አጠኑ፤ ውጤቱንም በ1933 በመጽሐፍ አወጡት። ሥራ የሌለው ሰው ጊዜ ስለሚተርፈው ብዙ ያነባል፣ ብዙ ይሰበሰባል ብሎ መገመት ይቻላል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ከመንደሩ ቤተ መጻሕፍት የሚወጣው መጽሐፍ፣ ማስዋሻው ያለ ክፍያ ሆኖ እንኳ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ መንገድ ላይ የሚያልፈውን ሰው በሰዓት እየለኩ ሲታዘቡ የወንዶቹ አካሄድ አዝጋሚ ሆኗል፤ ደጋግመውም ይቆማሉ። ሴቶቹ ግን ፈጠን ብለው ይሄዳሉ። እነሱም ፋብሪካውን አጥተዋል፤ ነገር ግን ልጅ አለ፣ ምግብ አለ፣ የሚታጠብ ልብስ አለ፤ ቀናቸው ቅርጹን አላጣም።

እኔ ይህን ሳነብ በየካፌው ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ስኒ ማኪያቶ የሚውሉ ወንድሞቻችን ትዝ አሉኝ። ስንፍና ይመስለን ነበር። ሰው ሥራ ሲያጣ ደመወዙን ብቻ አያጣም። የሚነሳበትን ሰዓት፣ የሚያገኘውን ሰው፣ "የት ትሠራለህ?" ሲባል የሚመልሰውን መልስ ጭምር ያጣል። ተስፋ የሚሸረሸረው በዚህ በኩል ነው። በአንድ ጊዜ አይሰበርም፤ ቀስ እያለ ያልቃል።

አሁን ወደ መደበቁ ጉዳይ እንመለስ። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከቦስተን አጠገብ ባለችው የኒውተን ከተማ አዲስ ሥራ የያዙ ባለሙያዎችን ጠይቆ በ1973 ያሳተመው ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ ይጠቀሳል። በሰው በኩል ሥራ ካገኙት መካከል ወሬውን የነገራቸውን ሰው ቀድሞም ዘወትር ያገኙት የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ናቸው። የቀሩት ወሬውን የሰሙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ምሁር መሆን አያስፈልግም። የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነው። የታክሲ ሹፌር ጓደኞቹ የታክሲ ሹፌሮች ናቸው። አዲስ ወሬ የሚመጣው ከሩቁ ሰው፣ ሠርግ ላይ አንዴ ካየነው፣ በለቅሶ ቤት አጠገባችን ከተቀመጠው ነው። ያ ሰው ደግሞ ሥራ እንደምንፈልግ ካላወቀ ምን ሊነግረን ይችላል? ስለዚህ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ ያለፍኩት እያንዳንዱ ሰው አንድ የተዘጋ በር ነበር ማለት ነው።

በ1975 ደግሞ ናታን አዝሪን የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት አለ። ሥራ ፈላጊዎችን በክበብ አደራጇቸው። ሁለት ሁለት ሆነው እየተጣመሩ አንዱ የሌላውን ማመልከቻ ያያል፤ አንዱ ሲደውል ሌላው ያዳምጣል፤ የሰሙትን ክፍት ቦታ ለቡድኑ ያካፍላሉ። ከሁለት ወር በኋላ ከክበቡ አባላት ከመቶ 90ዎቹ ሥራ ሲይዙ፣ ያለ ክበብ በራሳቸው ከፈለጉት የያዙት ከመቶ 55ቱ ናቸው። ዘመኑ ሌላ፣ ገበያውም ሌላ ነበርና ቁጥሩን እንደ ቃል ኪዳን አትውሰዱት። አሠራሩ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዕቁብ የለንም እንዴ? ዕድር የለንም? ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የምንተክል ሰዎች ሥራ ላጣው ሰው የምንተክለው ነገር እንዴት ጠፋን?

ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተወሰነ ሰዓት፣ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ወይም አንዱ ቤት ተገናኙ። ሁሉም አንድ ያየውን ክፍት ቦታ ይዞ ይምጣ፤ ለእሱ ባይሆን ለሌላው ይሆናል። ከዚያ ኢንተርቪው ተለማመዱ። ይህኛው ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም በላይ ያስፈልገናል። እኛ ያደግነው "እኔ እንዲህ አድርጌያለሁ" ማለት ጉራ ነው እየተባልን ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረን ዓይናችንን ዝቅ እናደርጋለን። እዚህ አገር ጠያቂው ያንን ሲያይ አክብሮት ነው ብሎ አይተረጉመውም፤ በራሱ አይተማመንም ወይም የሚደብቀው ነገር አለ ይላል። አሥር ዓመት ያስተማረ መምህር፣ የባንክ ቅርንጫፍ ያስተዳደረ ሰው፣ "ትንሽ ልምድ አለኝ" ብሎ ሲወጣ አይቻለሁ። ይህን ልማድ መስታወት ፊት ቆሞ ማረም ከባድ ነው። ሰው ፊት ግን፣ እየሳቃችሁም ቢሆን፣ ይታረማል።

እምቢታንም አስቀድሞ መለማመድ ይቻላል። በሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ሥራ ላጡ ሰዎች የሚሰጥ ሥልጠና አለ። ሠልጣኞቹ የሥራ አፈላለግ ዘዴ ብቻ አይማሩም፤ "አልተቀበልንህም" የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ምን እንደሚያደርጉ በቡድን ሆነው አስቀድመው ይነጋገራሉ። ሠልጣኞቹ ካልሠለጠኑት ይልቅ ሥራ ማግኘታቸውም፣ ከድብርት መጠበቃቸውም ተመዝግቧል። እምቢታው እንደሚመጣ አስቀድሞ የተነገረው ሰው ሲመጣ አይደነግጥም።

አገር ቤት ላላችሁ ተመልካቾቻችንም የሚሆን ነገር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሥራ ፈላጊዎች የተሳተፉበት ጥናት በ2021 ታትሟል፤ ከተመራማሪዎቹ አንዱ ኢትዮጵያዊው ግሩም አበበ ነው። የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ሰሌዳዎቹ ያሉት መሀል ከተማ ነው። ከከተማው ዳር ለሚመጣ ወጣት የትራንስፖርቱ ወጪ ራሱ ሥራ ፍለጋውን ያስቆመዋል። ስለዚህ ለአንዱ ቡድን የትራንስፖርት ገንዘብ ተሰጠ። ለሌላው ቡድን ደግሞ ሲቪና ማመልከቻ አጻጻፍ፣ የኢንተርቪው ዝግጅት ተሰጠውና ችሎታው ተፈትኖ የምስክር ወረቀት ተቀበለ። በአጭር ጊዜ ሁለቱም ረዱ፤ ቋሚና መደበኛ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ጨመረ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ ግን የሥልጠናው ቡድን በገቢም፣ በሥራው በመርካትም ልቆ ተገኘ፤ የትራንስፖርቱ ውጤት ያን ያህል አልዘለቀም። ለእኛ ለዳያስፖራዎቹ ይህ ምን ይነግረናል? ለታናሽ ወንድማችን ገንዘብ እንልካለን፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ እሁድ በቪዲዮ ቁጭ ብለን ሲቪውን አብረነው ብናስተካክልለት፣ ጥያቄ እየጠየቅን ብናለማምደው፣ ያ ከአንድ ወር የትራንስፖርት ብር የበለጠ ሊቆይለት ይችላል። ወጪውም የእኛ አንድ ሰዓት ነው።

በአሜሪካ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ብዙ ወገኖቻችን ከሥራ ሲቀነሱ የሥራ አጥ ኢንሹራንስ አይጠይቁም። "እጄን አልዘረጋም" ይላሉ። ልመና አይደለም። ከ1935 ጀምሮ በሕግ የቆመ፣ ከአሠሪዎች በሚሰበሰብ ግብር የሚከፈል ኢንሹራንስ ነው፤ እናንተ በሠራችሁበት ደመወዝ ላይ ተሰልቶ የተከፈለ ነው። የመሥራት ፈቃድ ያለው፣ በራሱ ጥፋት ሳይሆን ከሥራ የተቀነሰ፣ ቀደም ባሉት ወራት በቂ ደመወዝ ያገኘና ሥራ እየፈለገ ያለ ሰው ይጠይቃል። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ቢበዛ እስከ 26 ሳምንት ይከፈላል። ያለፈው ሳምንት ብዙውን ጊዜ ወደኋላ ተመልሶ አይከፈልምና በተቀነሳችሁበት ሳምንት አመልክቱ። በየሳምንቱ ሥራ መፈለጋችሁን ማረጋገጥ አትርሱ፤ የብዙ ሰው ክፍያ የሚቋረጠው እዚህ ላይ ነው። ከተከለከላችሁም ደብዳቤው ላይ በተጻፈው ቀን ውስጥ ይግባኝ በሉ። እንደ ኡበር ባሉት ላይ በግል የሚሠሩ ሹፌሮች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሥርዓት አይካተቱም። በኮሮና ጊዜ በ2020 የወጣው ልዩ ሕግ አካቷቸው ነበር፤ እሱም በመስከረም 2021 አበቃ።

ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ፣ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አስተርጓሚ አታድርጉት። አሜሪካን ጆብ ሴንተር በሚባሉት ቢሮዎችም ሥራ ለመፈለግ የሚደረገው እርዳታ በነፃ ነው። ለመቀጠር አስቀድማችሁ ክፈሉ የሚላችሁ፣ ወይም ቼክ ልኮላችሁ ከፊሉን መልሱልኝ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ግን አጭበርባሪ ነው። የተጨነቀ ሰው ይህን ብቻውን ሆኖ አያይም፤ ለአንድ ጓደኛ ቢያሳየው በአምስት ደቂቃ ይነቃበታል። ለዚህም ቢሆን መደበቅ አይጠቅምም።

ሥራ ያጣ ዘመድ ላላችሁ ደግሞ፦ "እስካሁን አላገኘህም?" አትበሉት። አግኝቶ ቢሆን ይነግራችሁ ነበር። "አይዞህ፣ ይሆናል" ብሎ ስልክ መዝጋትም ብዙ አይረዳም። "ሐሙስ በአራት ሰዓት ቡና እንጠጣ፣ ያንን ማመልከቻ ይዘህ ና" በሉት። ሐሙስን ይጠብቃል። አገር ቤት ያላችሁ ቤተሰቦችም ብር የዘገየበት ወር ሲመጣ መጀመሪያ የምትጠይቁት ጤንነቱን ይሁን።

የእኔ ነገር እንዴት አለቀ ላላችሁ፣ ሁለት ጊዜ ዕቁብ ሳልጥል ቀረሁ። በሦስተኛው የዕቁቡ ዳኛ፣ ጋሼ የምንላቸው አዛውንት፣ ቤቴ ድረስ መጡ። "ልጄ፣ ታመምክ ወይስ ተቀየምከን?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና "እና ሰባት ሳምንት ሙሉ እኛ ምን ሆነን ነው የማንሰማው?" አሉ። ቁጣም ነበረበት። በሁለተኛው ቀን ስሙን እንኳ በቅጡ የማላውቀው አንድ የዕቁብ አባል ደወለልኝ፤ የሚሠራበት የመኪና ማቆሚያ የማታ ሰው ይፈልጋል አለኝ። ምርጥ ሥራ አልነበረም። ቀን ቀን ኮርስ እየወሰድኩ ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁበት። መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነበር።

ጋሼ እስከ ዛሬ ዕቁቡን ይዳኛሉ። ዕጣው ከወጣ በኋላ፣ ሰው ኮቱን ማንሳት ሲጀምር፣ "ቁጭ በሉ" ይሉና ሁለት ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ "ሥራ የሚፈልግ አለ? ሥራ ያየ አለ?" መጀመሪያ አካባቢ ማንም አይናገርም ነበር። ባለፈው ወር ሦስት እጅ ወጣ።