ያቺ ጠባብ ጠርሙስ

ኢኮኖሚክስ ተምሬ ተመርቄያለሁ። ትንሽ ወጪ ሲቆጠብ ትልቅ ኪሳራ እንደሚመጣ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ነገሩ በትክክል የገባኝ ግን አምና፣ አንዲት ጠርሙስ ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጥኩ ቀን ነው።

አክስቴ የእብናት ሰው ናት። ሆዷ ሲነፋ "ጨጓራ ነው" ተባለ፤ ፌጦ ተጠጣ፣ ጠበል ተሄደ፣ ወራት አለፉ። በመጨረሻ በቀዶ ሕክምና ከኦቫሪዋ (ከእንቁላል ማምረቻዋ) ላይ ዕጢ ወጣላት። "ይህን ፓቶሎጂ አድርስ" ብለው ጠርሙሱን ለእኔ ሰጡኝ። ዕጢው ጠርሙሱን ሞልቶታል፤ ፈሳሹ ከላይ ትንሽ ብቻ ይታያል። ምን አውቄ! እንዳይደፋ ብቻ ተጠንቅቄ አደረስኩ።

ፈሳሹ ፎርማሊን ነው። ሥጋው ሳይበሰብስ እንዳለ እንዲቆይ ያደርጋል። መጠኑ ከናሙናው 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ወደ ውስጥ የሚዘልቀውም ቀስ ብሎ ነው፤ በሰዓት 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ትልቅ ዕጢ ካልተሰነጠቀ መሃሉ ፈሳሹ ሳይደርሰው ይበላሻል።

ላብራቶሪ ውስጥ ናሙናው በሰም ተደፍኖ ከፀጉር በቀጠነ ልክ ይቆረጥና መስታወት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ አንድን ፕሮቲን ብቻ ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ ይደረግበታል። ፕሮቲኑ ካለ ቦታው ቡናማ ይሆናል፤ የቀረው የሴሎቹ ማዕከል ሰማያዊ ይመስላል። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ የሚያነበው ይህንን ቀለም ነው።

የዕጢ ናሙና ጥናት ትልልቅ ነገር አሳይቷል። በ1989 (እ.ኤ.አ.) ደኒስ ስላሞንና ባልደረቦቹ ሄር-2 የተባለውን ዘረ-መልና ፕሮቲኑን በጡትና በኦቫሪ ካንሰር ላይ አጥንተው አሳተሙ። በ2011 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ300 በላይ የኦቫሪ ዕጢዎችን መርምሮ፣ ፒ53 የተባለው ዘረ-መል በ96 በመቶው ላይ ተበላሽቶ አገኘው። ዕጢዎቹ በብዛት የሚገኘው የኃይለኛው ዓይነት ነበሩ።

አሁን ልብ በሉ። ፒ53 ሲበላሽ ፕሮቲኑ አንዳንዴ ከመጠን በላይ ይከማቻል፤ መስታወቱ በቡናማ ይሞላል። አንዳንዴ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል፤ ምንም ቀለም አይታይም። ሁለቱም የበሽታው ምልክት ናቸው። ቀለም አለመኖሩ ራሱ መልስ ነው ማለት ነው። ታዲያ ፎርማሊን ያልደረሰው ሥጋም ቀለም ላይዝ ይችላል። የዘረ-መል ብልሽት ነው ወይስ የእኔ ጠርሙስ?

የአክስቴን ናሙና ያየችው ሐኪም መሃሉ ላይ ጤነኞቹ ሴሎች እንኳ ቀለም አለመያዛቸውን አየች። "ይሄ አይታመንም" አለችኝ። ደግነቱ ፈሳሹ የደረሰው የዳር ክፍል ነበር፤ ከዚያ እንደገና ተቆርጦ ተሠራና ቡናማው ደምቆ ወጣ። ግን ሦስት ሳምንት ባክኗል። ሕክምናው መልሱን ሲጠብቅ ቆይቷል።

ለእታለም ስነግራት ዝም ብላ አየችኝና "አንተ ምን አጠፋህ ልጄ? የሰጡህን ነው ያደረስከው" አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን መጠየቅ እችል ነበር።

ውዱ አንቲቦዲ ሥራውን የሚሠራው ርካሹ ፎርማሊን ሥራውን ከሠራ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ የእናት ወይም የአክስት ናሙና ይዘን መንገድ እንገባለን። ስለዚህ ከመቀበላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ፈሳሹ ይበቃል? ትልቅ ከሆነ ተሰንጥቋል? የወጣበት ሰዓትና ስሟ ተጽፏል? ለጡት ካንሰር ምርመራ የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ያዛል፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ ማን ይቆጥረዋል?

መጠየቅ ነውር አይደለም። እኔ አፍሬ ዝም ያልኩበት ሒሳብ የተከፈለው በአክስቴ ሦስት ሳምንት ነው።